ሸክላ ሠሪዋን ምን ብለን እንጠይቃት?

ከጓደኞቻችን አንዷ ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው አርእስት በዚህ ሰሞን በምግብ አዳራሹም፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይም ብዙ አነጋግሯል። አርእስቱ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ሲነገር ግን፣ በደቡብ አገራችን ጎረቤት አብሯቸው ማዕድ የማይቆርስና የማይጋባቸው የእጅ ሙያተኞች ወደሚኖሩበት መንደር ሄዳ ስለ አእምሮ ጤንነታቸው ልታጠና ነው። አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ «የዕለት እንጀራ ለሌለው ሰው ስለ ጭንቀቱ መጠየቅ ከጥጋብ የመጣ ትምህርት ነው» አለ። ከመምህራን ወገንም «ነገሩ በቁጥር የሚያዝ አይደለም» የሚል አስተያየት እንደ ተሰጣት ሰምተናል። እኛም በበኩላችን በዚህች ማባዣ ወረቀት ላይ ሐሳባችንን ልንሰጥ ፈቅደናል። ጥናቱን እንደግፋለን። ዳሩ ግን ድጋፋችን ያለ ጥያቄ አይደለም፤ ጥያቄውም ለጓደኛችን ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ክፍሎቻችን ጭምር ነው።

በመጀመሪያ የሚሳቅበትን ነገር እንመልከት። የአእምሮ ሕመም የሀብታም አገር ጣጣ ነው፣ ድኻ ለመታመም ጊዜ የለውም የሚለው አነጋገር የቆየ ነው። ይህን አነጋገር ለማፍረስ ማስረጃ ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ከቡታጅራ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች በቡታጅራና በአካባቢዋ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት አስጠይቀው ነበር። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ ሕመም ከሺህ ሰው ወደ 5 በሚጠጉት ላይ ተገኘ። ከታመሙትም አብዛኞቹ የዘመናዊ ሕክምና ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ነበሩ። በኋላም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ያህል ተከታተሏቸው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ከ919ኙ 121 ሞተዋል። ይህ በአካባቢው ሕዝብ ላይ ከሚደርሰው ሞት እጥፍ ነው፤ ዕድሜያቸውም ሊኖሩት ይገባቸው ከነበረው በ30 ዓመት ያህል ያጠረ ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ያህሎቹን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው።

ይህን ቁጥር ቆም ብለን እንየው። ሰውየው የሞተው ሌላው ድኻ በሚሞትበት በሽታ ነው፤ ግን ከሌላው ድኻ ቀድሞ ነው የሞተው። ለምን ቢባል፣ ሲያተኩሰው «ልማዱ ነው» የሚባል፣ ሲያስል የሚሰማው የሌለ፣ ጤና ጣቢያ ቢደርስ ከደጅ የሚመለስ በመሆኑ ነው ብለን እንገምታለን። እንግዲህ የእንጀራን ነገርና የአእምሮን ነገር ለያይቶ፣ ይኼኛው ይቅደም ያኛው ይከተል የሚለው ክርክር ከምግብ አዳራሽ ውጭ ብዙ አያስኬድም።

የጓደኛችን አርእስት ግን ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በቡታጅራ የተቆጠረው በሽተኛ የተገለለው በመታመሙ ነው። እርሷ የምታጠናቸው ሰዎች ግን ሳይታመሙ፣ እንዲያውም ገና ሳይወለዱ የተገለሉ ናቸው።

ስማቸው እንደየአገሩ ይለያያል። በከፋ ማንጆ፣ በዳውሮ ማና፣ በጉራጌና በከምባታ በኩል ፉጋ፣ በሲዳማ ሀዲቾ፣ በጣና ዳር ወይጦ ይባላሉ። (ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ ዛሬ እንደ ስድብ የሚቆጠሩ ናቸው። ባለቤቶቹ የማይወዱትን ስም በጥናት ሽፋን ላይ በትልቁ መጻፍ እንደማይገባ በዚሁ አጋጣሚ እናሳስባለን።) አንዱ ወገን ሸክላ ይሠራል፣ አንዱ ቆዳ ይፍቃል፣ አንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ አንዱ እንጨትና ከሰል ይሸጣል፤ ቀድሞ በአደን ይኖር የነበረም አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስት ያዘጋጁትን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ክፍል ያሳተመውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው፣ ልማዱ ከአገር አገር ቢለያይም መሠረቱ አንድ መሆኑን ይረዳል፦ አብሮ አለመብላት፣ አለመጋባት፣ ከእድርና ከመቃብር ቦታ መለየት፣ ከርስት መራቅ። እንስራዋን ገበያ ላይ የገዛ ሰው ከእጇ ውኃ አይቀበልም፤ በዚያው እርሷ በሠራችው እንስራ የተቀዳውን ውኃ ግን ቤቱ ገብቶ ይጠጣዋል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለውን ተረት ስለ ሙያና ስለ ድኽነት የተነገረ አድርገን እንወስደዋለን፤ በአንዳንድ አገር ግን ተረትነቱ ይቀርና ነገሩ እንዳለ ይፈጸማል። ከጎረቤት ደጅ ስትቀመጥ ምግቡ የሚቀርብላት በቅጠል ላይ፣ ወይም ሌላ ሰው በማይበላበት ስባሪ ላይ ነው።

ነገሩ ከመንግሥት ዓይን የተሰወረ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጁን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን አዋጁን ቀብሮ ቆሟል። ከዚህ ላይ የተማሪውን ታሪክ የሚነካ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሮች «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ ሲወጡ፣ ሸክላ ሠሪዋ ከሁለቱ ቃላት በየትኛው ውስጥ እንደ ነበረች አይታይም፤ መሬትም የላት፣ አራሽም አልነበረችም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በእጁ ለማረስ ለሚፈቅድ ሁሉ መሬት ይሰጠው ስላለ፣ በአንዳንድ ቦታ እነዚህ ወገኖች ከገበሬ ማኅበር ገብተው መሬት ለመያዝ በቅተዋል። ስለዚህ መሬቱ በአዋጅ መጣ እንበል። አብሮ የመብላቱ ነገር ግን በአዋጅ አልመጣም፤ የጓደኛችንም ጥናት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ከአእምሮ ሕመም ጋር ምን አገናኘው ለሚሉን መልሳችን ይኸውና። በአገራችን እምነት የአእምሮ ሕመምና የባለ እጁ ነገር በአንድ ገመድ ታስረው የኖሩ ናቸው። ያ ገመድ ቡዳ ይባላል። ልጅ በሌሊት ባንኖ ሲጮኽ፣ ሙሽራ ያለ ምክንያት ስታለቅስ ስትውል፣ ጎረምሳው ብቻውን ማውራት ሲጀምር «ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል። ቡዳውስ ማን ነው? ቀጥቃጩ ነው፣ ፋቂው ነው፣ ሸክላ ሠሪዋ ናት። በጎንደር በኩል ቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ስለ ነበሩ ይኸው ስም ተለጥፎባቸው ኖረዋል። በደቡቡም ቃሉ ይለወጥ እንጂ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የታመመው ሰው በጭስም ይሁን በጠበል እየተያዘ «ማነህ? ከየት ያዝኸው?» እየተባለ ስም እስኪጠራ ድረስ ይጠየቃል። ስም ሲጠራ ቤተሰቡ እፎይ ይላል፤ የሕመሙ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። ስሙ የተጠራው ሰው ግን የዚያን ዕለት ማታ በሩን ዘግቶ እንዴት እንደሚያድር የሚጠይቅ የለም።

የተጻፈውንም ብንመለከት ያው ነው። አሜሪካዊው ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ መንዝ ያሳተመው ጽሑፍ በዚህ አርእስት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ነው፤ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን እንደ ርእሱ ሁሉ የቡዳ ፍርሃት ያለበትን ሰው እምነት የሚገልጽ ነው። የሚፈራውን ሰው እናውቀዋለን፣ መድኃኒቱን እናውቃለን፣ ክታቡን እናውቃለን። የሚፈሩትን ሰዎች ግን የምናውቃቸው በሚፈሯቸው ሰዎች አፍ ነው።

እንግዲህ ጓደኛችን መጠይቋን ይዛ የምትሄደው፣ በጎረቤት ቤት ለገባ የአእምሮ ሕመም ሁሉ ተከሳሽ ሆና ወደ ኖረች ሴት ነው። እዚህ ላይ ነው የእኛ ጥያቄ የሚነሣው። ምን ብለን እንጠይቃት?

በትምህርት ክፍሎቻችን ለእንዲህ ያለው ጥናት ቶሎ የሚታዘዘው መሣሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው። መልሱ «አዎን» ወይም «አይደለም» ነው። «አዎን» የሚሉት ይደመሩና ከተወሰነ ቁጥር በላይ ከሆኑ ሰውየው የአእምሮ ሕመም ሳይኖርበት አይቀርም ይባላል። መጠይቁን አናጣጥልም። ሐኪም በሌለበት አገር፣ ብዙ ወረቀት ያልተማረ ሰው እንኳ በአጭር ጊዜ ሊሠራበት እንዲችል ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ በብዙ አገር ሠርቷል፣ በእኛም አገር ሠርቷል። ነገር ግን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አንሥተን ከሸክላ ሠሪዋ ደጅ ላይ ተቀምጠን እናንብባቸው።

የምግብ ፍላጎትሽ ቀንሷል ወይ? ይላል አንዱ። ምግብ ሲኖር ነው ፍላጎቱ የሚታወቀው። በቀላሉ ይደክምሻል ወይ? ጭቃ ከጅረት ተሸክማ፣ ረግጣ፣ ጠፍጥፋ፣ እንጨት ለቅማ፣ ተኩሳ፣ ደግሞ ተሸክማ ገበያ የምትሄድ ሴት ናት። በኑሮሽ የሚጠቅም ነገር እሠራለሁ ብለሽ ታስቢያለሽ ወይ? አገሩ ሁሉ በእርሷ ምጣድ እየጋገረ፣ በእርሷ ጀበና ቡና እያፈላ፣ የሚጠቅም ሥራ አልሠራሽም እያለ ያሳደጋት ሴት ይህን ምን ብላ ትመልስ? ዋጋ ቢስ ነኝ የሚል ስሜት ያድርብሻል ወይ? ይህን እኮ እርሷ ብቻ ሳትሆን ሕፃኑም ይነግራታል! ከ20ዎቹ በላይ ለከባዱ ሕመም ከተጨመሩት ጥያቄዎች ደግሞ አንዱ፣ አንድ ሰው ሊጎዳሽ የሚሞክር ይመስልሻል ወይ? የሚል ነው። በከተማ ለተቀመጠ ሰው «አዎን» የሚለው መልስ አንድ የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። የጎረቤት ልጅ በታመመ ቁጥር ስሟ ለሚጠራ ሴት ግን «አዎን» ማለት እውነቱን መናገር ነው፤ «አይደለም» ካለች ነው የሚያሳስበው።

ስለዚህ ጓደኛችን መልሶቹን ደምራ ብትመለስ ምን ታገኛለች? ከፍ ያለ ቁጥር ታገኛለች። ቁጥሩም በሠንጠረዥ ላይ ያምራል። ከዚያም አንድ ቀን አንድ ሌላ ሰው ያንን ሠንጠረዥ አንሥቶ «እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በአእምሮ ሕመም የሚጠቁ ናቸው» ብሎ ይጽፋል። ቀድሞ እብደትን የሚያመጡ ተብለው ነበር፤ አሁን ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ማኅተም እብዶች ናቸው ሊባሉ ነው። በመንደሩ ያለው ጎረቤታቸው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያቅተንም።

ይህ ማለት ጥናቱ ይቅር ማለት አይደለም። ይቅር የሚሉት አሉ፤ ንጹሕ እጅ የሚገኘው ምንም ባለመንካት ነው የሚሉ ናቸው። እኛ በዚህ አንስማማም። ስለ ሕመማቸው ባይጠየቁ ሕመሙ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ከሐኪም መዝገብ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ከንቀቱ ሌላ እንደ ማናቸውም ሰው ልትታመም ትችላለች፦ ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ኀዘን፣ ሌሊት የማይተኛው ጭንቀት፣ ድምፅ መስማት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ። ይህን ሁሉ «በንቀቱ ምክንያት ነው» ብሎ ማለፍም ሌላ ንቀት ነው። አስቸጋሪው ነገር፣ ሁለቱን ለይቶ ማየት ነው። የትኛው ኀዘን ሕመም ነው፣ የትኛው ኀዘን የተፈጸመባትን በትክክል መረዳት ነው? ይህን መልስ ያገኘ ተማሪ ሲገኝ እንኳን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከዚያም በላይ ይገባዋል።

ይህ በባዶ ሜዳ የምናነሣው ሐሳብ አይደለም፤ በአገራችን የታየ ምሳሌ አለው። የአእምሮ ሐኪሞች በቦረና አርብቶ አደሮች መካከል ቤት ለቤት እየዞሩ፣ በዓለም የታወቀውን ረጅም መጠይቅ ይዘው ባደረጉት ጥናት ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው አንድም አላገኙም ነበር። አንዳንዱ ቢሆን ኖሮ «የቦረና ሕዝብ ከዚህ በሽታ የተጠበቀ ነው» ብሎ ጽፎ በዝና ይኖር ነበር። እነዚህ ሐኪሞች ግን ተጠራጠሩ። ተመልሰው ሄዱና ሽማግሌዎቹን ሰብስበው «እናንተ ማራታ የምትሉት ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ጠየቁ። በኦሮምኛ እብድ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ በገዛ ቋንቋቸው የሚያውቁትን ሲናገሩ ነው የታመሙት ሰዎች የተገኙት፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። መጠይቁ ያላየውን ጨዋታው አየው። የተጠራጠረው ተማሪ ሳይሆን ምሁር መሆኑ ደግሞ ሊያስደስተን ይገባል።

በቦረና መጠይቁ የነበረውን እንደሌለ አደረገ። በሸክላ ሠሪዎች መንደር ደግሞ የሌለውን እንዳለ ሊያደርግ ይችላል። ስሕተቱ በሁለቱም በኩል ሊመጣ የሚችል ነው፤ ምንጩ ግን አንድ ነው፤ ከመሄድ በፊት መልሱን በወረቀት ላይ ጨርሶ መሄድ።

የቋንቋውም ነገር ቀላል አይደለም። በአማርኛ እንኳ ብንሄድ፣ በመጽሐፍ ያለው «ድብርት» እና በሰው አፍ ያለው አይገናኙም። ሰው ሲከፋው ሆዴ ባሰኝ ይላል፣ ሆዴን ባር ባር አለው ይላል፣ ሐሳብ ገባኝ ይላል። ሆድ የሚባስበትን አገር ስለ አእምሮ ብቻ ብንጠይቀው ግማሹን አይነግረንም። ጓደኛችን የምትሄድበት አገር ደግሞ አማርኛ የጽሕፈት ቤትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆኖ የኖረበት ነው። ሸክላ ሠሪዋ በአማርኛ ስትጠየቅ የምትሰማው ስለ ሆዷ የሚጠይቃትን ሰው አይደለም፤ ግብር ሊጥል ወይም ልጇን ሊከስ የመጣ ሹም ድምፅ ነው። አስተርጓሚ ይቀጠር ይሆናል። አስተርጓሚው ከየትኛው ወገን ይሆናል? ከማይበላት ጎረቤት ወገን ከሆነ፣ በደጇ ቆሞ የእርሷን መልስ እየሰማ ምን እንደሚያተርፍ ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል። ከቤቷ ያልገባና ቡናዋን ያልጠጣ ሰው ስለ ኀዘኗ ሊጠይቃት የሚችል አይመስለንም።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሕክምናው እናንሣ። ጥናት አድርጎ መመለስ ብቻውን ምን ዋጋ አለው? የታመመ ሰው ቢገኝስ ወዴት ይላካል? ብዙ ዘመን መልሱ አንድ ነበር፦ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በመላው አገር የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አሁን ግን አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። በጉራጌ አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ፣ በአጭር ሥልጠና በተዘጋጁ ባለሙያዎች ቢታከሙ፣ በልዩ የአእምሮ ነርሶች ከሚታከሙት ያነሰ ውጤት እንደማያገኙ አረጋግጧል። ይህ ለድኻ አገር ታላቅ ነገር ነው። በሽተኛው አዲስ አበባ ድረስ በገመድ ታስሮ በአውቶቡስ መሄዱ ሊቀር ይችላል።

ዳሩ ግን የጉራጌ አገር የፉጋም አገር መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ በዚያ አገር ስለሚገኙት የተለዩ ሙያተኞች የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጤና ጣቢያው ቀረበ ሲባል፣ ለማን ቀረበ? ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከቤት ቤት ስትዞር ከሸክላ ሠሪዋም ቤት ትገባለች ወይስ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ትጠራታለች? በጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎኗ የሚቀመጥ አለ ወይ? ነርሱ እጇን ይዞ የልቧን ምት ይቆጥራል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በማናቸውም መጠይቅ ላይ የሉም፤ መልሳቸውም የአንድ ሰሞን ጉብኝት የሚያስገኘው አይደለም። ነገር ግን ከ20ዎቹ ጥያቄዎች ይልቅ ስለ ሸክላ ሠሪዋ ጤንነት የሚነግሩን እነዚህ ናቸው። መጠየቅ ያለባትም እርሷ አይደለችም። ነርሱ ይጠየቅ፤ ጎረቤቱ ይጠየቅ፤ የእድሩ ዳኛ ይጠየቅ። ስለ ተናቁ ሰዎች አእምሮ የሚጠና ሁሉ ለምን የተናቁትን ብቻ እንደሚጠይቅ አይገባንም። የሚንቀው ሰው አእምሮ ጤነኛ ነው ብሎ ማን መረመረ?

ይህን ስንል ጣታችንን ወደ ገጠር ብቻ እንደምንቀስር የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ ከዚህ ግቢ አንወጣም። በመካከላችን ከእነዚህ ወገኖች የተወለዱ ተማሮች የሉም ብሎ የሚያስብ ካለ አላስተዋለም። አሉ። የአባታቸውን ሥራ ሲጠየቁ «ገበሬ» ብለው የሚያልፉ፣ ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲሄዱ የመንደራቸውን ስም የማይናገሩ አሉ። በማደሪያ ክፍሎች ሳህን አተኩሮ ያየ ሁሉ «ቡዳ» እየተባለ ይሳቅበታል። ቀልዱን የሚቀልደው ሰው ክፋት አያስብ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ከአራቱ አልጋዎች በአንዱ ላይ የተኛው ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ምን እንደሚያስብ አያውቅም። የአእምሮ ጤንነት ለማጥናት የሚፈልግ ሰው የአውቶቡስ ቲኬት ሳይቆርጥም ሥራ ያገኛል ማለት ነው።

እንግዲህ ለጓደኛችንና ለትምህርት ክፍሎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ለእርሷ፦ መጠይቁን ይዛ ትሂድ፤ ነገር ግን በቦርሳዋ ውስጥ ይቆይ። መጀመሪያ ትቀመጥ፤ ጭቃ ሲረገጥ ትይ፤ ገበያ አብራቸው ትውል፤ ኀዘንን፣ ጭንቀትን፣ እብደትን እነርሱ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጽፋ ትያዝ። ስሟ በቡዳነት ተጠርቶ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ሊናገር ከፈቀደ፣ ያንን ታድምጥ። የመንደሩን ስም በጽሑፏ ላይ አታውጣ። ታሞ የምታገኘው ሰው ካለ ከጤና ጣቢያው ጋር አስቀድማ ተነጋግራ፣ የሚቀበለው ሰው መኖሩን አረጋግጣ ትሂድ፤ ይህ ሳይሆን ማንንም ስለ ሞት ሐሳቡ ልትጠይቅ አይገባም።

ለትምህርት ክፍሎቹ፦ ይህን የሚመስል ጥናት በአንድ መንፈቅ፣ ያውም ከፈተና በተረፈ ጊዜ ሊሠራ አይችልም። የሦስት ሳምንት የመስክ ጊዜ ሰጥቶ «ቁጥሩ የታለ?» ብሎ መጠየቅ፣ ተማሪውን በ20ው ጥያቄ ላይ እንዲወድቅ መገፋት ነው። ጊዜው ይራዘም። ለአስተርጓሚና ለመመላለሻ የሚሆን ገንዘብ ይመደብ፤ አስተርጓሚውም ከዚያው ከመንደሩ ልጆች መካከል ይሁን፤ ፊደል የቆጠሩ ልጆች በየመንደሩ አሉና። የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ጥናቱን ሲመረምር ተጠያቂው ስለ መፈረሙ ብቻ ሳይሆን፣ ጥናቱ ታትሞ ቢወጣ በመንደሩ ስም ላይ ምን እንደሚያስከትል ይመርምር።

በመጨረሻም ጽሑፉ ከፈታኞች ፊት ከመቅረቡ በፊት ወደ መንደሩ ተመልሶ፣ በገዛ ቋንቋቸው ተነብቦላቸው፣ «ይህ እኛን አይመስልም» ያሉት ሁሉ ከጎኑ ተጽፎ እንዲመጣ የሚያዝ ደንብ እንዲወጣልን እንጠይቃለን። የዚህን ደንብ ረቂቅ የማኅበራችን የትምህርት ጉዳይ ኮሚቴ አዘጋጅቶታል፤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ሊያነቡትና ሊተቹት የሚፈልጉ ተማሮችና መምህራን ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሊወስዱት ይችላሉ። ለትምህርት ክፍሎቹ የምንሰጠው የጓደኛችን የጥናት ዕቅድ ከሚታይበት ስብሰባ በፊት ነው።